መሬት የማይነካ ቤት

ነቀምቴ፣ ኅዳር 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ተሻግሮ ላለው ለወንድሜ ልጅ ለዋጋሪ ደረሳ።

አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ? ነጋ ነው ወይ፣ ሰላም ነው? ብርዱ፣ ሥራው፣ ያ አሞኛል ያልኸው ጥርስህ እንዴት ሰነበተ? እኔ አክስትህ ድርቤ፣ ጌታ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ቆሞ ያልቀረው ቤቴ ነው።

ይህን የሚጽፍልኝ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ጎጃሜው ተክለጻድቅ ነው። እኔ በአፌ እነግረዋለሁ፣ እሱ በአማርኛ ያሳምረዋል። «ለከበረው ጤንነትዎ» ብሎ ጀምሮ ነበር። ዋጋሪ እናቱ ሞታ እኔ ያሳደግሁት፣ አፍንጫውን የጠረግሁለት ልጅ ነው፣ «አንተ» ብለህ ጻፍ አልሁት። ቅር ብሎታል።

ባለቤቴ ታፋ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። ቤቱን መሐል ላይ የያዘው ምሰሶ፣ ኡቱባው፣ በስሙ የተተከለ መሆኑን ታውቃለህ። በእኛ ቤት ወግ አባወራ ሲሞት ኡቱባው ተለቅሶበት ይነቀልና በልጁ ስም ሌላ ይተከላል። እኔ ልጅ አልወለድሁም፤ ማንንም ሳላስነካ ተውሁት። ለካ ምስጥ ከውስጥ ሲበላው ኖሯል፤ ከውጭ ሲታይ ደህና ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ከኋላዬ ጣራው ወረደ። ውስጥ ብሆን ተክለጻድቅ ይህን ደብዳቤ በሌላ ወግ ይጽፍልህ ነበር።

አሁን የጎረቤቴ የበቀለች ጎተራ ሥር ነው የማድረው። ከአይጦቹ ጋር ተስማምተናል። ከቻልህ ሠላሳ ቆርቆሮ የሚገዛ ላክልኝ። መሬቱ እንደምታውቀው የእኔ አይደለም፣ የኦቦ ባቻ አባት በውል ያስቀመጡኝ ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ቤት አልመኝም።

ሌላው፣ ለሁለት ዓመት የአናጢነት ትምህርት ብለህ ከሄድህ አምስት ዓመት ሞላህ። መቼ ነው የምትመጣው?

አክስትህ ድርቤ


ስዊድን፣ ጥር 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለአዳዳ ድርቤ።

ሰላምታዬ ከዚህ በረዶ መካከል ተነሥቶ ሳይቀዘቅዝ ይድረስዎ። ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ጥርሱ ተነቅሏል።

ስለ ቤቱ አዘንሁ፤ ውጭ በመሆንዎ ጌታን አመሰገንሁ። ቆርቆሮ ግን አልልክም። ቆርቆሮውን የሚሸከመው እንጨት እንደገና መሬት ውስጥ ይገባል፣ ምስጡም እንደገና ይመጣል። ሌላ ነገር አስቤአለሁ።

የምሠራበት ፋብሪካ ተገጣጣሚ ቤት ይሠራል። ቤቱ ሜዳ ላይ አይሠራም፤ እንደ ወንበርና እንደ ቁም ሣጥን ጣራ ሥር ነው የሚሠራው። ግድግዳው በክፋይ በክፋይ ይዘጋጃል፤ መስኮቱ ከነመስተዋቱ፣ በሩ ከነማጠፊያው እዚያው ይገጠማል። እያንዳንዱ ክፋይ ቁጥር አለው፣ ሁለት ሰው ያነሣዋል። ቦታው ሲደርስ 1ን ከ2፣ 2ን ከ3 ጋር በብሎን ማሰር ነው። አራት ሰዎች መፍቻና ውሃ ልክ ይዘው በሦስት ቀን ይጨርሱታል።

ጥቅሙ ብዙ ነው። እንጨቱ ዝናብ ሳያገኘው ደርቆ ስለሚሠራ አይጣመምም። የሚባክን የለም፤ ከአንዱ የተረፈው ለሌላው ይሆናል። አንድ ክፋይ ቢበላሽ እሱን ብቻ ፈትቶ መለወጥ ነው፣ ሌላው አይነካም። ሰው ሲበዛ ከጎን ክፍል ይቀጠልበታል። ደግሞም ተፈትቶ ሌላ ቦታ ይቆማል። እዚህ አገር ትምህርት ቤት በአንድ ወር ሲቆም አይቻለሁ፤ ተማሪ ሲያንስ ደግሞ ተፈትቶ ሌላ መንደር ሲሄድ አይቻለሁ።

ፋብሪካው ለናሙና ያቆመው አንድ ትንሽ ቤት ነበረ። አዲስ ዓይነት ስለመጣ ይወገድ ሲባል ለምኜ ተሰጠኝ። እዚያ ነቀምቴ ያለው ሚሲዮን ለክሊኒኩ ዕቃ በሚጭንበት መርከብ ላይ ቦታ ሰጥቶናል።

አንድ ሕግ ብቻ አለው። ከዚያ ቤት አንድም እንጨት መሬት እንዳይነካ። የሚቀመጠው ድንጋይ ላይ ባረፉ ስድስት የብረት እግሮች ነው። ምስጥ በብረት ላይ ቢወጣ መንገዱ ይታያል፣ ይጠረጋል።

ስለ መምጣቴ ጠይቀውኛል። ሥራው በዝቷል። ቤቱ እኔን ቀድሞ ይምጣ።

ልጅዎ ዋጋሪ


ነቀምቴ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለዋጋሪ፣ ሰላምህ ይብዛ።

ደብዳቤህን ተክለጻድቅ ሦስት ጊዜ አነበበልኝ፤ ሦስተኛውን በነጻ። ቤት በሣጥን! ኤዲያ! በቀለች ሰምታ «ሚስትም በሣጥን ይልካሉ እንዴ?» አለች፤ ሆዳችን እስኪያመን ሳቅን። ለነገሩ ስለ ሚስት ጽፈህልኝ አታውቅም።

ቤት ሠሪውን ሽማግሌ፣ ኦቦ ነመራን፣ ታስታውሳቸዋለህ። ነገርኋቸው። «ቤት ከመሬት ይነሣል እንጂ ከባሕር አይወጣም» አሉና ትንባሆአቸውን አኘኩ። እኔ ግን ከአይጥ ጋር ሌላ ክረምት አልገፋም። ላከው።

ብቻ ልጄ፣ ስለ ቤቱ ሁለት ገጽ ጻፍህ፣ ስለ መምጣትህ ሁለት መስመር።

ድርቤ


በሣጥን ቁጥር 1 ውስጥ የተቀመጠ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአዳዳ ድርቤ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይህን ሲያነቡ ቤቱ እጅዎ ገብቷል ማለት ነው።

ከዚህ ወረቀት ጋር የቤቱ ሥዕል አለ። ለክሊኒኩ አናጢ ይሰጠው። መጀመሪያ ድንጋዮቹን በውሃ ልክ ያስተካክል፤ የመጀመሪያው ድንጋይ ከተዛባ የመጨረሻው በር አይዘጋም። ብሎኖቹን በመጀመሪያው ቀን አጥብቆ አይሰር፣ ሁሉም ከቆመ በኋላ ይመለስባቸው። ሣጥኖቹን እንዳይጥሏቸው፤ መደርደሪያ ይሆናሉ።

መሬት የሚነካ እንጨት እንዳይኖር ደግሜ እለምናለሁ።

ዋጋሪ


ነቀምቴ፣ ጥር 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

አካም ጅርታ ዋጋሪ? ቤት የሰጠኝ ጌታ ለአንተም ይስጥህ። ይህን ደብዳቤ በራሴ መስኮት ሥር ተቀምጬ ነው የማስጽፈው። ተክለጻድቅ መስተዋቱን አሥር ጊዜ ስለነካው አሁን አሻራው የሞላበት መስኮት አለኝ። (እኔ ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የነካሁት።)

ሣጥኖቹ በሁለት የጭነት መኪና ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ገቡ። መንገድ ላይ፣ አኖ ከተማ፣ የአንዱ ጎማ ፈንድቶ ሁለት ቀን ቆሞ ነበር። የአኖ ሰው ሣጥኑን እያየ «የማን አስከሬን ነው?» ሲል ሰነበተ አሉ።

ስለ ሥራው እውነቱን ልንገርህ፣ አሳፈርኸኝ። ቤት ሥራ ነው ብዬ ደቦ ጠራሁ። ሠላሳ ሰው መጥረቢያውን ስሎ መጣ። እኔና በቀለች ለአራት ቀን የሚበቃ ጩኮና ጨጨብሳ፣ ብርዝም አሰናድተናል። ሥራው የፈለገው ግን አናጢውንና ሦስት ሰዎችን ብቻ ሆነ። ሃያ ስድስቱ መጥረቢያቸውን ታቅፈው ቁጭ! 1ን ከ2፣ 2ን ከ3 እያለ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አለቀ። የደቦ ዘፈን እንኳ አልተጀመረም፤ ለመፍቻ ማን ይዘፍናል? አሁን በገበያው «ድርቤ ጠርታ አስቀምጣ ሰደደችን» እየተባልሁ ነው።

ቤቱ ግን ቤት ነው። ነፋስ አይገባውም። በሩ ሲዘጋ አይጮህም፤ እኔ ነኝ አንተ መጥተህ ይሆን እያልሁ በከንቱ የምነሣው።

ኦቦ ነመራ ገብተው ዙሪያውን አዩና «ኡቱባው የት አለ?» አሉ። «የለውም» አልኋቸው። ወጥተው ሄዱ። ሌላ የተደረገ ነገር የለም። እንዳልኸው አንድም እንጨት መሬት አልነካም።

ቆርቆሮም ገንዘብም አልፈልግም። ፎቶግራፍህን ላክልኝ፤ ስታረጅ መልክህ እንዳይጠፋኝ።

ድርቤ


ስዊድን፣ መጋቢት 22 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአዳዳ ድርቤ፣ ሰላም ለቤትዎ፣ ሰላም ለእርስዎ።

ደብዳቤዎ ደስ አሰኝቶኛል። የደቦው ነገር አልታሰበኝም ነበር። በፋብሪካው ወረቀት ላይ «ጥቂት ሰው ይበቃል» የሚለው እንደ ትልቅ ጥቅም ነው የተጻፈው፤ ጥቂት ሰው መብቃቱ ነቀምቴ ላይ ጥፋት እንደሚሆን የጻፈው ሰው አላወቀም፤ እኔም ረሳሁት። ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ከክረምት በፊት ብሎኖቹን አንድ ዙር ያስጠብቁ። የመሐሉ ወለል ቁጥር 31 ነው። ሲረግጡት የሚጮህ ከሆነ ይጻፉልኝ። እዚያ ላይ ክብደት አይብዛበት።

ፎቶግራፉን ልኬአለሁ። ትንሽ ጠባብ ናት። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ዋጋሪ


ነቀምቴ፣ መስከረም 25 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለዋጋሪ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰህ።

ስድስት ወር ዝም ያልሁህ ዋሽቼህ ስለነበር ነው። ስለ ቁጥር 31 ስትጠይቅ ማን ነገረው ብዬ ደነገጥሁ።

ያኔ ሥራ ፈትተው የተቀመጡት ሃያ ስድስት ሰዎች ከኦቦ ነመራ ጋር ተማክረው አርጆ ድረስ ሄዱ። በአራተኛው ቀን የወይራ ግንድ በትከሻቸው ተሸክመው፣ እየዘፈኑ መጡ። ኡቱባ የሌለው ቤት ሰው የሌለው ቤት ነው አሉ። 31 ቁጥርን ቀደዱት፣ ቆፈሩ፣ ተከሉት። ኦቦ ነመራ እንዳይላቀቅ ብለው ከላዩ አግዳሚ ጋር በስምንት ሚስማር ቸነከሩት። በስምህ ነው የተተከለው። «ዋጋሪ ተመልሶ ይደገፍብህ» ብለው መረቁት። እምቢ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ጠዋት ጠዋት በእጄ እዳብሰው ነበር።

አሁን የመጣውን ስማ። የባቻ አባት ሞቱ። ባቻ መንገዱ ዳር ሆቴል ሊሠራ መሬቱን ፈለገ። መብቱ ነው፣ አልከራከርም። ቤቴን ፈትቼ እሄዳለሁ አልሁ። ተክለጻድቅ ግን የድሮውን ውል አውጥቶ አነበበ፤ ራሱ ነው የጻፈው። «ዛፍም ሆነ ምሰሶ፣ መሬት ውስጥ የገባ ሁሉ ለመሬቱ ባለቤት ይቀራል፤ ያልገባውን ድርቤ ይዛ ትሄዳለች» ይላል። ባቻ ገባ፣ ኡቱባውን አየ፣ ሳቀ። «ምሰሶው የእኔ ከሆነ ምሰሶው ላይ የተቸነከረውም የእኔ ነው» አለ። ፍርድ ቤት ቀረብን፤ ዳኛው «ኅዳር 20 ቀን መጥቼ አያለሁ፤ የዚያን ዕለት መሬት ውስጥ ያገኘሁት የእሱ፣ ያላገኘሁት የእሷ ነው» ብሎ አሰናበተን።

ታዲያ ነቅለው አይጥሉትም ወይ ትለኝ ይሆናል። በሕይወት ያለ ሰው ኡቱባ ከቦታው የሚነሣው በባለቤቱ እጅ ነው። ሌላ ሰው ከነቀለው ባለቤቱ ሞቷል ማለት ነው፤ ይለቀሳል። የጸሎት ቤታችን ቄስ «እንጨት እንጨት ነው፣ ሕያው ሰው አይለቀስም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን እኔ አንተን በቁምህ ልቅበር?

ና። ከኅዳር 20 በፊት ለሦስት ቀን ብቻ ና። እጅህን አሳርፍበትና ተመለስ። ካልመጣህ ቤቱም ይሄዳል፣ እኔም ወደ ጎተራው።

ፎቶህ ደርሶኛል። ወፍረሃል። በመቀስ የተቆረጠ ነው። ከተቆረጠው በኩል እጅህ ላይ ሦስት ትንንሽ ጣቶች ቀርተዋል። የማን ናቸው?

ድርቤ


ስዊድን፣ ኅዳር 8 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለአዳዳ ድርቤ። ጌታ ከጎንዎ ይቁም፤ እኔ አልቆምሁምና።

ምሰሶው የሚነሣው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስምንቱ ሚስማሮች ይነቀሉ። ቤቱ ክብደቱን በስድስቱ እግሮች ላይ ስላሳረፈ ምንም አይሆንም። ከዚያ ግንዱ በገመድ ታስሮ በበሩ በኩል ይሳብ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ከመጨረሻው ቁጥር ወደ መጀመሪያው እየተፈታ ይወርዳል፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ከዚህ በላይ ያለውን አራት ጊዜ ጻፍሁት። ከዚህ በታች ያለውን አንድ ጊዜ ብቻ እጽፋለሁ።

አልመጣም። ሚስት አለችኝ፣ ብሪታ ትባላለች። ልጅ አለችኝ፣ አራት ዓመቷ ነው። በእናቴ ስም ወርቂቱ ብያታለሁ። ጣቶቹ የእሷ ናቸው። በየዓመቱ በሚቀጥለው ዓመት እነግርዎታለሁ እያልሁ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ። ፎቶውን የቆረጥሁት በራሴ እጅ ነው። ብሪታ ቁራጩን ከወለል አንሥታ አየችኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ቤቱን የላክሁት በእኔ ፈንታ ነው። በመፍቻ የሚፈታ፣ የሚገጠም፣ ቁጥሩን ያየ ሁሉ የሚያቆመው ነገር ስለሆነ እኔ ባልኖርም የሚሆን መሰለኝ። ባለቤት አያስፈልገውም ብዬ ነበር።

አልቅሱና ንቀሉት። ይቅር ይበሉኝ።

ዋጋሪ


ነቀምቴ፣ ጨለለቂ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለዋጋሪ። አካም ጅርታ?

ተክለጻድቅ ለሞተ ሰው ደብዳቤ አልጽፍም ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። በመጨረሻ ጻፈ፤ ዋጋ ግን አልቀበልም አለ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ታኅሣሥ 1 ቀን ነው። ኡቱባው የተነቀለው ኅዳር 19። መልስህን አልጠበቅሁም፤ የሚመጣ ሰው ፎቶ አይቆርጥም።

ኦቦ ነመራን ጠርቼ «አልቅሱልኝ» አልኋቸው። ሠላሳው ሰው መጣ፣ አንድም አልቀረም። በቀለች «ዋጋሪ ኮ! ዋጋሪዬ!» ብላ ጀመረችው። እኔ ለወጉ ብዬ ተነሣሁ፣ ከዚያ ግን እንባዬን ማቆም አቃተኝ። ተናድጄብህም ነው ያለቀስሁት፣ ይህንንም እወቅ። ቄሱ ደጅ ቆመው «እንጨት ነው፣ እንጨት ነው» ሲሉ ቆዩና ገብተው ገመዱን ያዙ። ግንዱ ሲወጣ እግሩን አየነው፤ ምስጥ ስንዝር ያህል በልቶታል። ያልኸው ልክ ነበር።

በማግሥቱ ዳኛው መጣ። ከቤቱ ሥር ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳበሰ፣ ስድስቱን ብረቶች ቆጠረ። ገብቶ ወለሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ አየና «ይህ ምንድር ነው?» አለ። «የሞተ ሰው ቦታ ነው» አልሁት። በዱላው ወደ ታች ለካና «ባዶ ነው» ብሎ ጻፈ። ባቻ ጉድጓዱን ወረሰ።

ቤቱ በአንድ ቀን ተፈታ። የምእመናኑ ማኅበር እዚህ ጨለለቂ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ቦታ ሰጥቶኛል። መኪና ልከራይ ስል ሠላሳው ሰው ተቆጣ። ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዳንድ ክፋይ አንሥተው ተሰልፈው እየተመላለሱ ወሰዱት፤ በሩም መስኮቱም በትከሻ ገበያውን አቋረጠ። ቅቤ ሻጮቹ «መኒ ዴማ! ቤቱ ይሄዳል!» እያሉ ተከተሉን። በመንገድም ዘፈን ተዘፈነ፣ ለመፍቻም እንደሚዘፈን አየሁ። በዚህኛው ሥራ ምግቤ አልተረፈም።

ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን ስቀመጥ ሰዉ ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ልጅ ትቶ ነው?» አላውቅም ስል ሰነበትሁ። አሁን ደብዳቤህን ይዤ በየቤቱ እየሄድሁ፣ ትቷል፣ ወርቂቱ ትባላለች እላለሁ።

ኦቦ ነመራ በወጉ መሠረት በልጅቷ ስም ኡቱባ እንትከል ብለው አርጆ ሊሄዱ ተነሥተው ነበር። አይሆንም፣ ከዚህ ቤት አንድም እንጨት መሬት አይነካም አልኋቸው። 31 ቁጥርን የክሊኒኩ አናጢ በሣጥኑ ሳንቃ ደፍኖታል፤ አዲስ አትላክ።

ፎቶውን ግን ሳትቆርጥ ላክ፣ እናቷም ትኑርበት። ከኡቱባህ የተነቀሉት ስምንት ሚስማሮች እኔ ዘንድ አሉ። አንዱን ግድግዳው ላይ መትቼ እየጠበቅሁ ነው።

አክስትህ ድርቤ